ትርሲትን ከስልክ ያራቅንበት ደሴት

ምላሴ አያርፍም። ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ፣ ያደረግሁትን አንብባችሁ ስትጨርሱ «ምናለ ዝም ብትል ኖሮ» የምትሉ እንደምትኖሩ ስለማውቅ ነው። ሐበሻ በሚበዛበት በሎስ አንጀለሱ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ እስከ ዛሬ እንዲያ የሚሉ አሉ፤ ሲያዩኝ መንገድ የሚሻገሩም አሉ። እኔ የሆነውን እንደሆነ እጽፈዋለሁ፤ ፍርዱ የእናንተ ነው።

ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ፣ በሱዳን በኩል ወጥቼ፣ ሎስ አንጀለስ ከገባሁ ሁለተኛ ዓመቴን ይዤ ነበር። ፌርፋክስ ላይ ካሉት የሐበሻ ምግብ ቤቶች በአንዱ አስተናግዳለሁ። አንድ መኝታ ቤት ያለው አፓርታማ የምጋራት ትርሲት ትባላለች፤ ጋርዴና በሚባል ሰፈር የመብራት ዕቃ በሚገጣጥም ፋብሪካ ትሠራለች። እኔ ቆሜ ስበላ እሷ ሰሃኗን አስተካክላ፣ ተቀምጣ፣ አማትባ ነው የምትበላው። አንድም ቀን አልተጣላንም፤ እሷ አትጣላማ!

ትርሲት በዚህ ዓለም የነበሯት አባቷ ብቻ ናቸው፣ አቶ ደምሴ። እናቷ በልጅነቷ ነው የሞተችው። በየወሩ የመጀመሪያ ቅዳሜ፣ እዚህ ጠዋት እዚያ ምሽት ሲሆን፣ አቶ ደምሴ አዲስ አበባ ስልክ ያለው ጎረቤት ቤት ሄደው፣ ወንበር ላይ ተቀምጠው ይጠብቋታል። እሷም በዚያ ጠዋት ፀጉሯን ታጥባ፣ ንጹሕ ልብስ ለብሳ ነው ስልኩን የምታነሳው። «በስልክ ያዩሻል እንዴ?» እላታለሁ። «አባዬ በድምፄ ያውቃል» ትለኛለች።

ስለ ራሴም አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ያለሱ አትረዱኝም። ካርቱም ሳለሁ ታላቅ ወንድሜ ሞቶ ነበር። ያወቀው ሁሉ «ስደት ላይ ናት፤ አሜሪካ ገብታ ትረጋጋ» ብሎ ደበቀኝ። ገባሁ። ገና አልተረጋጋችም ተባለ። ሰባት ወር ሙሉ ለሞተ ሰው ደብዳቤ ጻፍኩ። ቁጥር አርባ ሁለት ጥቁር ጫማ ገዝቼ በሰው ላክሁለት። ጫማውን የተቀበለኝ ሰውዬ መሞቱን ያውቅ ነበር፤ «እሺ፣ አደርስለታለሁ» ብሎ ሻንጣው ውስጥ ከተተው። መርዶው ሲነገረኝ ያለቀስኩት ለወንድሜ ይሁን ለጫማው አሁንም አላውቅም።

እንግዲህ አንድ ሐሙስ ከሰዓት ጋሼ በላቸው ምግብ ቤቱ ገባ። ጋሼ በላቸው ሚራክል ማይል የሚባለው ሰፈር የአንድ ትልቅ ፓርኪንግ ኃላፊ ነው። ሰው ሲሞት የሚያሰባስብ፣ ሲጣላ የሚያስታርቅ፣ ለእኔም የመጀመሪያ ሥራዬን ያገኘልኝ እሱ ነው። የሥራ ኮቱን እንኳ አላወለቀም።

«መሠረት፣ ቁጭ በይ።»

«ሺፍት ላይ ነኝ ጋሼ።»

«ቁጭ በይ አልኩሽ።» ቁጭ አልኩ። «የትርሲት አባት አርፈዋል። ማክሰኞ፣ በድንገት። ተቀብረዋል።»

አፌ ወዲያው ተከፈተ። «ኦኬ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ከሥራ ትገባለች፤ እንንገራት።»

«ማን? አንቺና እኔ? መርዶ እንደ ፖስታ በር ላይ አይጣልም! ቄሱ እስከ ቅዳሜ ሥራ ላይ ናቸው። ሌሎቹም ሺፍት አለባቸው። እሑድ ሊነጋጋ ሲል ተሰብስበን፣ ሴቶቹ በግራ በቀኝ ደግፈዋት፣ በወጉ ትሰማለች።»

«ቅዳሜ እኮ የስልኳ ቀን ነው ጋሼ።»

«ታዲያ ለምን የመጣሁ መሰለሽ? ካሳሁን ካታሊና ደሴት ላይ የሆቴል ክፍል ይዟል። ነገ ጠዋት ይዛችኋት ትሄዳላችሁ፤ ቅዳሜ ማታ ትመልሷታላችሁ። ባሕሩን፣ ዓሣውን፣ ያለውን ሁሉ አሳዩዋት። ሱፐርቫይዘሯን አናግሬ ኦፍ አስወጥቼላታለሁ።» ከዚያ ጣቱን ቀሰረብኝ። «ምላስሽን አውቀዋለሁ። ቃል ግቢልኝ።»

ገባሁ። ዓይኑ ቀልቶ ነበር፤ ሲያለቅስ ቆይቶ እንደመጣ ያስታውቃል። ለእሱ ስል ገባሁለት።

ያን ዕለት ትርሲት ከሥራ የገባችው እየሳቀች ነው። «ጉድ ልንገርሽ! ሱፐርቫይዘሬ እቅፍ አድርጎኝ፣ ሁለት ቀን ኦፍ ውሰጂ አለኝ። ፈረንጅ እንዲህ ደግ ይሆናል?» አለችኝ። እኔ የሌለ ሰሃን ማጠብ ጀመርኩ።

ካሳሁን የታክሲ ሾፌር ነው፤ ቀልደኛ። ዓርብ ጠዋት ሳን ፔድሮ ወደብ ድረስ ድራይቭ አድርጎ ወሰደን። ጉዞው ለሁለታችን የሰጠን ስጦታ እንደሆነ ነበር የነገርናት። ከትኬት መስኮቱ አጠገብ ባለቀለም፣ ታጣፊ ወረቀት አነሳ፤ በደሴቱ ላይ የሚታየውና የሚሠራው ሁሉ በተራ ቁጥር ተዘርዝሮበታል። «ይህን እስክንጨርስ ማንም አያርፍም!» አለና ለእኔ ብቻ ጠቀሰኝ። ያ ወረቀት ለሁለት ቀን መሣሪያችን ሆነ።

መርከቡ ላይ ትርሲት አሻግራ እያየች ቆመች። ሐበሻ ያልደረሰበት ውሃ ላይ ስትሆን የሚሰማ ፍርሃት አለ፤ እጇን የመርከቡ ዳር ብረት ላይ አጣብቃ፣ ዓይኗ ግን ይስቃል። ደሴቱ ብቅ ሲል ዘንባባው፣ ነጫጭ ጀልባው፣ ተራራው ላይ የተደረደረው ቤት፣ ከውሃው ዳር የቆመው ክብ የዳንስ አዳራሽ፣ ሁሉም እንደ ፖስት ካርድ ነው። «አባዬ ይህን ቢያይ!» አለች። ከዚያ በኋላ ስንት ጊዜ እንዳለችው መቁጠር አቆምኩ።

ዓርብን በወረቀቱ ገደልነው። መጀመሪያ ወለሉ መስታወት የሆነ ጀልባ ላይ ወጣን። ቁልቁል ስታዩ የባሕር ሣር እንደ ጫካ ይወዛወዛል፤ በመሃሉ ብርቱካን የመሰለ ዓሣ ሰውን ሳይፈራ ቀስ ብሎ ያልፋል። ትርሲት ተንበርክካ ግንባሯን መስታወቱ ላይ አስደገፈች። ቀጥሎ ጣሪያ ብቻ ያላት ትንሽ መኪና ተከራይተን ኮረብታውን ዞርን። ካሳሁን አይስክሬም ገዝቶ ሲመጣ ትርሲት «ዓርብ እኮ ነው!» አለችው።

«ደሴት ላይ ጾም የለም፤ ውሃ ከቦናል» አላት።

«አንተ ቄስ ብትሆን መንጋውን ሁሉ ታሰምጠዋለህ!» አለችና ሳቀች። የእሷንም የራሱንም አይስክሬም እሱው ጨረሰ።

ካሜራም ይዛ ነበር። አባቷ ጎረቤት ሰብስበው የሚያሳዩት ፎቶ፣ ዘንባባ ሥር አንድ፣ ክቡ አዳራሽ ፊት አንድ፣ ልትልክላቸው ነው። «መሲ፣ ሳቅ ብዬ አንሺኝ፤ ከስታለች እንዳይል» አለችኝ። አነሳኋት።

ቅዳሜ ስነቃ ፀጉሯን ታጥባ፣ ነጭ ቀሚሷን ለብሳ፣ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። «ስልክ ያለበትን አሳዩኝ። አባዬ አሁን ተቀምጧል።»

ካሳሁን በሩ ላይ ቆሞ ወረቀቱን አውለበለበ። «ጎሽ የሚያሳየው አውቶቡስ በአሥር ደቂቃ ይነሳል! ከዚያ በኋላ የለም!»

«ጎሹ ይቅርብኝ፤ ልደውል።»

«እዚህ ደሴት ጠዋት ጠዋት የውጭ አገር መስመር አይሠራም፤ ጠይቄያለሁ። ከጎሹ መልስ ትደውያለሽ።»

«ይመሽበታል እኮ! ሳልደውል አይነሳም፤ አውቀዋለሁ።»

ወደ እኔ ዞረች። አብረን በኖርንበት ጊዜ ሁሉ ዋሽቻት ስለማላውቅ ነው የዞረችው። «እንሂድ፣ ቶሎ እንመለሳለን» አልኳት። በዚያች ደቂቃ፣ ጫማዬን ተቀብሎ ሻንጣው ውስጥ የከተተው ሰውዬ እኔው ሆንኩ። ሌላ ምን እላችኋለሁ።

አውቶቡሱ ጠመዝማዛውን እየወጣ ወደ ደሴቱ መሃል ወሰደን። የአሜሪካ ጎሾች ሣር ላይ ቆመዋል፤ ራሳቸው የግድግዳ ያህል፣ ዓይናቸው ትንሽ። ሾፌሩ ይተርካል፣ ካሳሁን ይቀልዳል፣ ትርሲት ሰዓቷን ታያለች። አንድም ፎቶ አላነሳችም።

ስንመለስ እኩለ ቀን ሆኗል። ካሳሁን ወረቀቱን ገለባብጦ የቀረችውን አንዲት ቁጥር አገኘ፤ መነጽር አጥልቆ ውሃ ውስጥ ማየት። «ይህቺን ብቻ፣ በመድኃኔዓለም! ከዚያ በራሴ ጫንቃ ተሸክሜ ስልኩ ጋ አደርስሻለሁ።» ትርሲት የለመነ ሰው ፊት እንቢ ማለት አትችልም። የዋና ልብስ እንቢ ብላ፣ ቁምጣና ካናቴራ ለብሳ እስከ ወገቧ ገባች። እኔም አጠገቧ ገባሁ። ሁለታችንም ዋና የሚባል አናውቅም።

መነጽሩን አጠለቀችና እጄን ያዘች። «አትልቀቂኝ።»

«አልለቅሽም።»

ጎንበስ አለች። ፀጉሯ ውሃው ላይ ተበተነ። ጣቶቼን እንዴት አድርጋ እንደጨበጠቻቸው! ያን ጊዜ አንድ ነገር ገባኝ። ይህቺ ልጅ ሕይወቷን እጄ ላይ አድርጋ ፊቷን ውሃ ውስጥ ደፍታለች፤ እኔ ደግሞ ከሐሙስ ጀምሮ ስዋሻት ነው። ነገ ሊነጋጋ ሲል እነዚያ ሁሉ ሰዎች ሲገቡ፣ መጀመሪያ የምታየው የእኔን ፊት ነው። እነግራታለሁ አልኩ። ውሃ ውስጥ ግን አይሆንም። እግሯ መሬት ይርገጥ።

ቀና አለች፣ ውሃ እየተፋች፣ እየሳቀች። «ከታች ሌላ አገር አለ! አባዬ ይህን ስነግረው አያምነኝም!» ብላ፣ ልብሷ እየተንጠባጠበ በቀጥታ ወደ ስልኩ ሄደች። ስልኩ ከአሸዋው ጀርባ፣ ዘንባባዎቹ ሥር የቆመ ነው። ሳንቲም ከታ ኦፕሬተሯን ማናገር ጀመረች። ካሳሁን ሮጦ ደረሰና በጣቱ መንጠቆውን ተጫነው። መስመሩ ተቋረጠ።

ትርሲት መነጋገሪያውን እንደያዘች ጣቱን አየችው። «ምን ማለት ነው ይሄ?»

«ተይው፣ በኋላ…» ካሳሁን ቀልዱ አልቆበታል። ላቡ ይወርዳል።

«መሲ» አለች፣ ዓይኗን ከጣቱ ሳታነሳ። «ምንድን ነው የምትደብቁኝ?»

«ነይ ወደዚህ፤ ቁጭ በይ» አልኳት።

«መሠረት! ቃል ገብተሻል!» ካሳሁን ጮኸ።

«አዎ ገብቻለሁ። አሁን እያፈረስኩት ነው። ና በዚያ በኩል ያዛት።»

ከውሃው ርቀን፣ አሸዋው ከግንቡ በሚገናኝበት አስቀመጥናት። መርዶ የሰማ ሰው ራሱን ምን እንደሚያደርግ አውቃለሁና ሁለቱንም እጆቿን ያዝኩ። ለእኔ ሰዎቹ ሲነግሩኝ ዙሪያውን ሲሄዱ፣ «አምላክ የሰጠውን ይወስዳል» ሲሉ፣ ሲያልጎመጉሙ ስንት ደቂቃ አሰቃይተውኝ ነበር። እሷን እንዲያ አላደርጋትም። ያለውን ሁሉ በአንዴ እሰጣታለሁ።

«ትርሲት፣ አባትሽ ሞተዋል። ማክሰኞ ነው። በድንገት ነው፤ አልተሠቃዩም አሉ። ተቀብረዋል።»

«ማክሰኞ?»

«ማክሰኞ።»

«ዛሬ እኮ ቅዳሜ ነው።»

«አዎ።»

ከዚያ ጮኸች። ያቺ ድምፅ የሌላት ልጅ! እኛ ዘንድ ያ ጩኸት ምን እንደሆነ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ ጎረቤት ነጠላውን አንስቶ ይሮጣል። እዚህ ባሕሩ ዳርቻ ግን ሌላ ትርጉም እንዳለው አላሰብነውም ነበር። የመጀመሪያው ፊሽካ ሲነፋ ከእኛ ጋር የሚያገናኘው ነገር ያለ አልመሰለኝም። ቀና ስል ግን አንዱ ነፍስ አድን ቀዩን ተንሳፋፊውን አንጠልጥሎ ወደ ውሃው ይሮጣል፤ ሁለተኛው ከመጠበቂያ ማማው ዘሏል። «ውጡ! ሁላችሁም ከውሃው ውጡ!» ይላሉ። እናቶች ልጆቻቸውን እየጎተቱ ይወጣሉ። ያ ሁሉ ሕዝብ ዳር ላይ ተሰልፎ፣ እጁን ግንባሩ ላይ አድርጎ፣ ባሕሩን ይፈልጋል። ሁለቱ ደግሞ ጠልቀው ይወጣሉ፣ ጠልቀው ይወጣሉ።

ትርሲትን ለካሳሁን ትቼ እስከ ደረቴ ውሃው ውስጥ ሮጥኩ። «ኖ! ኖ! ማንም የለም!»

አንደኛው እያለከለከ ዋኝቶ ደረሰ፤ ከእኔ የሚያንስ ልጅ ነው። «ስንት ናቸው? የት ቦታ ነው የጠፉት?»

«ማንም ውሃ ውስጥ የለም። አባቷ ነው። ሞቷል። ኢትዮጵያ ነው የሞተው። አሁን ነገርኳት።»

ይቆጣኛል ብዬ ጠበቅሁ። አልተቆጣም። ለጓደኛው በእጁ ምልክት አሳየ፤ ፊሽካውን ነፍቶ ሕዝቡ ወደ ውሃው እንዲመለስ ፈቀደ። ከሚገቡት ይልቅ የቆሙት በዙ። እሱ አብሮኝ ወጣና ከትርሲት ትንሽ ራቅ ብሎ አሸዋው ላይ ተቀመጠ። ባርኔጣ ያደረገች አሮጊት ፈረንጅ መጥታ ፎጣዋን የትርሲት ትከሻ ላይ ጣል አደረገችላት።

ካሳሁንም ያን ጊዜ ፈነዳ። ሁለት ቀን የዋጠው ነገር በአንዴ ወጣ። «ወይኔ አባቴን! ወይኔ ጋሽ ደምሴ!» እያለ ደረቱን ይመታል። አይቷቸው እንኳ አያውቅም። እንደዚያ ዓይነት ለቅሶ ካታሊና ደሴት አይታ የምታውቅ አይመስለኝም።

ብዙ ቆይቶ የትርሲት ጩኸት ጋብ አለ። «ማን ማን ያውቃል?» ስትለኝ ድምፅዋ ሻክሯል።

«ፌርፋክስ በሙሉ።»

«ሱፐርቫይዘሬ?»

«እሱም።»

«ለዚያ ነው ያቀፈኝ።» ወደ እኔ ዞረች። «አንቺስ? ከመቼ?»

«ከሐሙስ ከሰዓት።»

«ታዲያ… ዛሬ ጠዋት፣ ጎሹን ስታሳዩኝ፣ አንቺ ታውቂ ነበር።»

«አውቅ ነበር።»

እጇን ከእጄ አወጣች። ቀስ ብላ፤ ሳትገፋኝ። ከዚያ ሁሉ ጩኸት ይልቅ እኔን የገደለኝ ያ ነው።

በሚቀጥለው መርከብ ተመለስን። አንድ ወንበር ላይ ብቻዋን፣ የአሮጊቷን ፎጣ ተከናንባ ተቀመጠች። ሳን ፔድሮ እንደደረስን ወደ ጋሼ በላቸው ደወልኩ። «ነግሬያታለሁ» አልኩት። «አሁን ሰው ላክ፤ ብቻዋን አትደር» ስለው፣ «አንቺ ሰው አይደለሽም!» ብሎ ስልኩን ዘጋው። ሰው ግን ላከ፤ ስንደርስ ሴቶቹ ቤቱን ሞልተውት ነበር። አንዳቸውም አላነጋገሩኝም።

እሑድ ሊነጋጋ ሲል፣ እንደታቀደው፣ ቄሱና ሽማግሌዎቹ መጡ። በሩን የከፈተችው ራሷ ትርሲት ናት፤ ጥቁር ለብሳ፣ ፀጉሯን ሸፍና። «ግቡ። ሰምቻለሁ» አለቻቸው። ቄሱ ጸልየው ሁሉም ሲቀመጥ፣ ያቺ የማትጣላው ልጅ ጋሼ በላቸው ፊት ቆመች።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። የጋርዴናው ፈረንጅ ከእኔ በፊት የአባቴን ሞት ያወቀው ለምንድን ነው?»

«ልጄ፣ ላንቺው አስበን…»

«ለእኔ ካሰባችሁ ማክሰኞ ለሞተው አባቴ ዓርብ ለምን ፎቶ ተነሳሁለት?»

አንዱ ሽማግሌ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ ሲያዞር ብቻ አስታውሳለሁ።

ትርሲት አላመሰገነችኝም። ወር ሙሉ አንድ ክፍል ተኝተን ከ«እሺ» እና «አይ» በቀር አልተነጋገርንም። አንድ ቀን ዕቃ እያጠበች፣ ፊቷን ሳትመልስ፣ «ስለነገርሽኝ አይደለም የተቀየምኩሽ። ሁለት ቀን ስለዘገየሽ ነው» አለችኝ። «ልክ ነሽ» አልኳት። ከዚያ ወዲያ ቀስ በቀስ ተመለስን። ካሜራውን ፊልሙን ሳታሳጥብ አስቀምጣዋለች።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ወጉን ንቄ እንዳይመስላችሁ። ሰውን ደግፎ ማርዳት፣ ብቻውን እንዳይሰማ ማድረግ፣ ይህ የእኛ ትልቅ ነገር ነው፤ እኔም በሁለት እጄ ይዤ ነው የነገርኳት። ግን አገር ቤት መርዶ የሚቆየው እስኪነጋ ነበር። እዚህ እስከ ኦፋችን፣ እስከ ሺፍታችን መጨረሻ፣ እስከ መኖሪያ ወረቀታችን መውጫ ሆነ። የሚያዝነው ሰው ሐዘኑን ለመጀመር የእኛን ሰዓት እንዲጠብቅ አደረግነው። በዚህ መሃል ይስቃል፣ ጫማ ይገዛል። ኋላ ያን ሳቁን እያሰበ የሚያፍረው እሱ ነው፤ እኛ አይደለንም። እኔ እንደገና ቢመጣብኝ ቀን አላሳልፍም። ሐሙስ ከሰዓት፣ ሽርጤን ሳላወልቅ፣ ጋርዴና እሄዳለሁ።

ነገሩ ከሆነ ሁለት ዓመት አለፈው። ሰላምታ የነሱኝ ሰላምታ እንደነሱኝ ናቸው። ግን አልፎ አልፎ አንድ ሰው ምግብ ቤት ይገባል፤ በልቶ ሲጨርስ ጎንበስ ይልና «መሠረት፣ የእኔ ቢመጣ እንዳትደብቂኝ» ይለኛል። እሺ እላለሁ። እስካሁን ሁለት ሰው ነግሬያለሁ፤ ሁለቱንም በሰማሁ በሰዓቱ፣ ሰው ጠርቼ፣ እጃቸውን ይዤ።

ባለፈው ሳምንት ደግሞ ጋሼ በላቸው መጣ። ከዚያ እሑድ ወዲህ ቃል ተለዋውጠን አናውቅም። እናቱ ጎጃም ናቸው፤ አርጅተዋል፣ መታመማቸውን ሰምቻለሁ። ምግብ አላዘዘም። ቆሞ ቆሞ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ፣

«መሠረት፣ የእናቴ ነገር… ቢሆን ቢሆን፣ አንቺ ንገሪኝ» አለ።

«እሺ ጋሼ።»

«ብቻ አደራ፣ ባሕር ዳርቻ እንዳትወስጂኝ።»

«የትም አልወስድህም ጋሼ» አልኩት። «የቆምክበት መጥቼ ነው የምነግርህ።»